ጋቢ የለበሰው በግ

ሰው ሲያረጅ ዓይኑ ይደክማል፣ ጆሮው የፈለገውን ብቻ ይሰማል፤ አፍንጫው ግን ከቀድሞው ይብስበታል መሰለኝ። ባለፈው ቀዳም ሥዑር ልጄ ሜሮን ከኪሌሌሽዋ መጥታ፣ እኔንና ሁለቱን ልጆቿን መኪናዋ ላይ ጭና፣ «በዓሉ እስኪገባ ቤት ተቀምጠሽ ከምትቆዝሚ ነይ ከልጆቹ ጋር አንበሳ እዪ» ብላ ወደ ናይሮቢው የአራዊት ፓርክ ወሰደችን። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ነበር። በሩን አልፈን መስኮቷን ዝቅ ስታደርግ የዚያ ጥቁር ጭቃ ሽታ፣ እርጥብ ሣርና የአውሬ ፋንድያ የተቀላቀለበት ሽታ ገብቶ ልቤን ክው አደረገው። ከዚህ ከተማ ሳልወጣ ሠላሳ ምናምን ዓመት ስኖር ያንን በር ዳግመኛ ረግጬው አላውቅም ነበር። ሜሮን «እማዬ አንበሳ አይታ ስለጠገበች ነው» እያለች ትስቅብኛለች። አልጠገብኩም፤ ፈርቼ ነው። የፈራሁት ደግሞ አንበሳውን አይደለም።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም እንዲሉ፣ በሩ ላይ ገንዘብ የሚቀበል ሰው እንኳ የለም። ሜሮን ስልኳን ነካ ነካ አደረገችና ተከፈለ ተባለ፤ ገባን። ከቀጭኔዎቹ ጀርባ ፎቅ በፎቅ ላይ ተደርድሯል። በረጃጅም የሲሚንቶ ምሰሶ ላይ የተሠራ ሐዲድ ሜዳውን አቋርጦ ያልፋል፤ ባቡሩ በላያችን ሲመጣ አንገቴን ቀብሬ «በስመ አብ!» ብል የአሥር ዓመቱ የልጅ ልጄ ናኦድ በሳቅ ፈነዳ። የሜዳ አህዮቹ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። ታናሽየዋ ኤዶም፣ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ገና ከበሩ ጀምሮ «አንበሳው መስኮት መክፈት ይችላል ወይ?» እያለች ትጠይቃለች።

በእኛ ጊዜ ይህ ሁሉ ቦታ ሣር ነበር። መንግሥት ተቀይሮ፣ ከአገር ቤት ወዲህ የሚያመጣው መንገድ ተከፍቶ፣ ሰው እንደ ልቡ መመላለስ በጀመረ ሰሞን ነው የማወራችሁ። እኔና ባለቤቴ ግርማ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ኢምባካሲ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። እሱ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ካለ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ እኔ ቤት ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። ያን ጊዜ ፀጉሬን ተተኩሼ፣ ትከሻው ውስጥ ስፖንጅ ያለው ኮት ከጊኮምባ የልባሽ ገበያ መርጬ ገዝቼ፣ እሑድ እሑድ ስወጣ ራሴን የሆነ ሰው አድርጌ ነበር የማየው። በጠርሙስ የሚሸጠውን ለስላሳ እዚያው ሱቁ በር ላይ ቆሞ ጠጥቶ ጠርሙሱን መመለስ ነው። ማታቱው ሙዚቃውን ከሩቅ እያስጮኸ ይመጣል፤ ወያላው በሩ ላይ ተንጠልጥሎ የመንገዱን ቁጥር ይጣራል። የእኛ ሰው ደግሞ ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሰው እጅ ካሴት ያስልካል፤ አንዱ ካሴት አሥር ቤት ዞሮ ሲመለስ ድምፁ እንደ ጉንፋናም ሰው ይሆናል። ግርማ አንዲት አሮጌ የፔጆ ስቴሽን ዋገን ነበረችው፤ የኋላ መስታወቷ ተሰንጥቆ በፕላስተር ተይዟል፤ «ሲተርፈኝ አስቀይረዋለሁ» እንዳለ ዓመት አለፈ።

እናቱ ወይዘሮ ብርነሽ ከአዲስ አበባ የመጡት በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ነው። ሊጠይቁን መስሎኝ በደስታ ተቀበልኳቸው። በሦስተኛው ቀን ነው ነገሩን ያወጡት፤ ስድስት ዓመት የሆናትን ሜሮንን ይዘው ሊመለሱ ነው። የመጀመሪያ የልጅ ልጅ ከአያት ዘንድ ማደጓ በእነሱ ቤት ያለ ነገር ነው። «ልጅቷ አማርኛውን ልትረሳ ነው፤ እዚህ ማን አላት? እኔ አሳድጋታለሁ፤ ክረምት ክረምት ትጠይቋታላችሁ» አሉ። ግርማን አየሁት፤ አቀረቀረ። እናቱን እምቢ ማለት የሚባል ነገር አልተፈጠረበትም። ሳምንት ሳይሞላ ፓስፖርቷ ወጣ፣ ከፋሲካ በኋላ ላለው ሰኞ ቲኬት ተቆረጠ፣ ለመንገዱ የምትለብሰው ቀይ ቀሚስ ተገዛ፤ እኔው ነኝ ጠርዙን ያሳጠርኩት፣ እያለቀስኩ። አንድ ቀን ግን ብሶኝ በጎረቤት ፊት ጮህኩ። «እናት ናት የምታሳድገው! እኔ ለልጄ እሳት ውስጥ እገባለሁ!» አልኩ። እማማ ብርነሽ ቀና ብለው አዩኝና ወደ ጓዳ ገቡ። ንቀውኝ ነበር የመሰለኝ።

«ልጅቷ ከመሄዷ በፊት አንበሳ ትይ» ያለው ግርማ ነው። ቀዳም ሥዑር ዕለት የፋሲካውን በግ ለመግዛት ኪተንገላ ከማሳዮቹ ገበያ መሄዳችን ስለማይቀር፣ «መንገዱ አንድ ነው፤ ስንመለስ በዚያው ፓርኩን አይተን እንገባለን» አለ። ይህን የመሰለ ሐሳብ ከሐበሻ በቀር ከማን ይመጣል? እኔም «ከበጉ ጋር?» ብዬ አልጠየቅኩም፤ እናቱም አልጠየቁም። ለሁላችንም በግ ማለት የበዓል ዕቃ ነው፤ ከሽንኩርቱና ከቅቤው እኩል። አንበሳ ደግሞ እማማ ብርነሽ የሚያውቁት ስድስት ኪሎ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ተኝቶ ሲያዛጋ ነው።

እማማ ብርነሽ አክፋይ ነበሩ፤ ከሐሙስ ማታ ወዲህ እህልም ውሃም አልቀመሱም። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን የታደለውን ቄጠማ ራሳቸው ላይ አስረው፣ ገበያው መሀል ጭቃውን እየረገጡ የበጉን ላት በእጃቸው መዘኑ፣ ከንፈሩን ገልበው ጥርሱን አዩ፣ ጀርባውን ተጫኑት። ራሱ ጥቁር የሆነውን ሁሉ «ለፋሲካ? ወግድልኝ!» እያሉ አሳለፉ። ማሳዩ ነጋዴ በትሩን ተደግፎ፣ ቄጠማ ያሰሩትን አሮጊት እያየ፣ «ይህች ማማ ከእኔ ይልቅ በግ ታውቃለች» አለ በስዋሂሊ። ከሰባት መቶ ሽልንግ ብዙም ባልራቀ ዋጋ አንድ ቀይ ዳማ፣ ላቱ የተንዠረገገ ሙክት ገዛን። ግርማ እግሮቹን ላላ አድርጎ አስሮ የመኪናው ኋላ ላይ አስተኛው። ሜሮን ወዲያው ወደደችው።

ፓርኩ በር ስንደርስ ነው ግርማ የቤት እንስሳ ማስገባት ክልክል መሆኑን የሚናገረውን ሰሌዳ ያነበበው። እንደ መመለስ የራሱን ጋቢ አውልቆ በጉን ከነጭንቅላቱ አለበሰው። ዘበኛው በመስታወቱ አጮልቆ «ኒ ኒኒ?» አለ፣ ምንድን ነው ማለቱ ነው። ግርማ ሳያፍር «ብርድ ልብስ ነው፤ እናቴን ይበርዳታል» አለው። እማማ ብርነሽ የተባለው ባይገባቸውም በአክብሮት ጎንበስ አሉ። በጉም እግዜር ይስጠው ድምፁን አላሰማም። ጥፋቱ ሁሉ የእኛ ነው። እንዲያውም መኪናው እንደ ገባ ሁላችንም ሳቅን፤ እማማ ብርነሽ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አቀማመጣችንን ልንገራችሁ። እማማ ብርነሽ ከፊት አልቀመጥም ብለዋል፤ ከፊት ሲሆኑ የሚመጣው መኪና ሁሉ በላያቸው የሚወጣ ይመስላቸዋል። ስለዚህ እኔና እሳቸው ኋላ ነን፣ ሜሮን መሀላችን፣ በጉ ከጀርባችን። ከግርማ ጎን ያለው የፊት ወንበር ላይ ለልጅቷ የጠቀለልኩት የምስር ሳምቡሳ ብቻ ነው ያለው። ሰጎን አየን፣ ቀጭኔ አየን። ከዚያ ግርማ ሰጎኖቹን ቀረብ ብሎ ሊያሳየን ከመንገዱ ወጣ። ሚያዝያ ነው፤ ያ ጥቁር አፈር ውሃ ጠግቧል። ሃምሳ እርምጃ ሳንሄድ የኋላ ጎማዎቹ ሰመጡ። ግርማ ቤንዚን በረገጠ ቁጥር መኪናው ያጓራል፣ ጭቃው ይረጫል፣ በጉ ደግሞ ከኋላ በሙሉ ድምፁ ይመልስለታል። ሜሮን በጉልበቷ ወንበሩ ላይ ቆማ፣ ፊቷን ወደ ኋላ አዙራ፣ «አይዞህ፣ አይዞህ» እያለች ጋቢውን ታሻሸዋለች።

ከሣሩ ውስጥ የሆነ ነገር ተነሣ። መጀመሪያ ውሻ ነው ያልኩት። ከዚያ ሌላ ተነሣ። ግርማ «መስኮት!» ብሎ ጮኸ። ሁለት እንስት አንበሶች፣ ምንም ሳይቸኩሉ፣ ገበያ እንደሚወርዱ ሴቶች ጎን ለጎን መጡ። አንዷ ቆመች። ሌላዋ መኪናውን ዞረችና ከኋላችን ቆመች። የፊት እግሮቿን አነሣችና መኪናው ላይ አሳረፈቻቸው፤ መኪናው ዝቅ አለ። በተሰነጠቀው መስታወት ጋቢውን ታየዋለች። በጉ ጸጥ አለ። የልጄን ትንፋሽ እሰማለሁ። ከዚያ በጉ በአንድ ጊዜ ተወራጨ፤ አንበሳዋም በመዳፏ መታችው፤ መስታወቱ ፈሰሰ።

ከዚህ በኋላ ያለውን በሐሳቤ ሳይሆን በሰውነቴ ነው የማስታውሰው። ትኩስ ትንፋሽ አንገቴን ሲነካው አውቃለሁ፤ የበሰበሰ ሥጋ የሚሸት ትንፋሽ። ራሴን ያገኘሁት ከፊት ወንበር ላይ ነው። ደረቴ ሳምቡሳውን ጨፍልቆታል፤ ሁለት እጄ የግርማን ክንድ ጨብጧል። ልጄ አጠገቤ ነበረች እኮ! ትከሻዋ ክንዴን ይነካ ነበር። እጄን መዘርጋት እንኳ አያስፈልገኝም ነበር፤ ክንዴን ብዘጋው ትያዝልኝ ነበር። አልዘጋሁትም። ረግጫት ነው ያለፍኩት። ጉልበቴ የልጄን ጀርባ ሲገፋው፣ አጥንቷ ከጉልበቴ ሥር ሲሄድ፣ ዛሬ ይህን ስጽፍም ይሰማኛል።

ዞር ስል ልጄ አትታይም። ሁለት ቀን እህል ያልቀመሱት አሮጊት ወንበሩ ሥር አስተኝተዋት በላይዋ ተደፍተዋል፤ ነጠላቸው ሁለቱንም ሸፍኗል። የመስታወት ስባሪ ጀርባቸው ላይ አለ፤ ነጭ ነጠላው ትከሻው ላይ በደም መቅላት ጀምሯል። «እመብርሃን፣ እመብርሃን» ይላሉ በሹክሹክታ። አንበሳዋ በጉን ከነጋቢው ጎትታ አውጥታዋለች። ከመኪናው ሃያ እርምጃ ርቀው በሉት፤ ግርማ ጥሩምባውን ሳያቋርጥ ይጫናል፤ እነሱ ጆሯቸውን እንኳ አላዞሩም። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ፈረንጆች የጫነ የጎብኚ መኪና ደረሰና ሾፌሩ «ፖሌ ሳና፣ ማማ» እያለ አጽናንቶ በገመድ ጎትቶ አወጣን።

መንገዱ ላይ ስንወጣ ነው ግርማ ወደ እኔ የዞረው። «ፀሐይ፣ አንቺ እንዴት እዚህ መጣሽ?» አለኝ። አሁን ይነገራል፣ ልጄም ትሄዳለች፣ መሄዷም ልክ ነው አልኩ በልቤ። እማማ ብርነሽ ግን ቀደሙኝ።

«ገፍታ ሰጠችኝ እኮ!» አሉ። «ልጅቷን ወደ እኔ ገፋቻትና፣ አውሬው እሷን ይይ ብላ ወደ ፊት ዘለለች። እኔማ ምን አደረግሁ? የሰጠችኝን ያዝሁ።»

ከአንበሳዋ ይልቅ በዚህ ደነገጥኩ። በሕማማት ስግደት ጉልበታቸው የተላጠ ሴት፣ አክፋይ ሆነው፣ ቄጠማው ራሳቸው ላይ እንዳለ ዋሹ! አየኋቸው፤ አላዩኝም፤ የሜሮንን ፀጉር ከመስታወት ስባሪ ያጠራሉ። ግርማ መኪናውን አቁሞ እየተንሰቀሰቀ ግንባሬን ሳመኝ። እኔም ዝም አልኩ።

ፋሲካን ያለ በግ ፈሰክን። ቀሳውስቱ ቤት ሁሉ ወሬው ደርሶ ነበርና ጎረቤት ሥጋ ላከልን። ከምሳ በኋላ እማማ ብርነሽ እጃቸውን ታጥበው፣ «ግርማ፣ የልጅቷን ቲኬት መልስ። ከእናቷ ጋር ትቆያለች» አሉ። ሰው ሁሉ ለጀግንነቴ የተሰጠ ሽልማት መሰለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በናይሮቢ ሐበሻ ዘንድ «አንበሳዋ ፀሐይ» ሆንኩ። ሠርግ ላይ ሙሽሮች ሳይቀሩ መጥተው ይስሙኛል። ግርማ እስኪሞት ድረስ ያወራው ነበር፤ ባወራ ቁጥር አንድ አንበሳ ይጨምራል፤ መጨረሻ ላይ አምስት ደርሰው ነበር። እኔ ጓዳ ገብቼ ሳህን አጥባለሁ፤ «ትሑት ናት» ይሉኛል።

ባለፈው ቀዳም ሥዑር እንግዲህ፣ ሜሮን መኪናዋን እየነዳች ያንኑ ታሪክ ለልጆቿ ስታወራ ነበር። አንድ ወንድ አንበሳ ከመንገዱ ዳር ተኝቶ አገኘን። ኤዶም ቀበቶዋን ፈትታ ወንበሩ ሥር ገባችና ማልቀስ ጀመረች። ናኦድ «ሺ ኢዝ ሶ ስኬርድ! ፈሪ!» ብሎ ሳቀባት። ሜሮን በመስታወት እያየቻት፣ «ኤዶምዬ፣ ተነሺ። አያትሽን አታይም? በእኛ ዘር ፍርሃት የለም፤ ደማችን ነው» አለቻት። ልጅቷ ከወንበሩ ሥር፣ «ማሚ፣ ሜይቢ እኔ ያ ደም የለኝም» አለች።

ይህን መስማት አልቻልኩም።

«አለሽ የኔ ልጅ» አልኳት። «ደሙን የሰጠሁሽ እኔ ነኝ። ያን ቀን እኔ ሮጫለሁ። እናትሽን ትቻት ነው የሮጥኩት።»

ሜሮን መጀመሪያ ሳቀች። «እማዬ ደግሞ! ልጅ ለማባበል ብለሽ…»

«አያትሽ ናቸው በላይሽ የተደፉት። እኔ አልገፋሁሽም፤ ረግጬሽ ነው ያለፍኩት።»

ፍሬን ያዘች። አንበሳው ዓይኑን ከፍቶ አየንና መልሶ ከደነው። ኤዶም ራሷን ከወንበሩ ሥር አወጣች። ሜሮን እጇን ወደ ጀርባዋ ልካ፣ ከትከሻዋ ዝቅ ብሎ ያለውን ቦታ ነካችው።

«ጉልበትሽ ነበር?» አለችኝ።

«ጉልበቴ ነበር።»

ሠላሳ ምናምን ዓመት የፈራሁት ይህቺን ጥያቄ ነው። ትጮኽብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኸችም፤ ፊቷ ግን ነጣ። «ታዲያ አያቴ ይህን ካየች ለምን ተወችኝ?» አለች። «እየወሰደችኝ አልነበር? ለምን ካንቺ ጋር ተወችኝ?»

እኔም ያኔ ይህንኑ ጠይቄያቸው ነበር። ሊሄዱ ሲሉ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ፣ ግርማ ከሜሮን ጋር ሻንጣ ሊያስመዝን ሲሰለፍ ብቻችንን ቀረን። «እማማ፣ ያዩትን አይተዋል። ለምን?» አልኳቸው። እጄን ያዙኝ። «ግርማ አራት ዓመቱ ነበር» አሉ። «ልብስ ላጥብ ወንዝ ወርጄ ድንጋይ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ደራሽ ውሃውን ስሰማ ሮጥሁ። ዳገቱን ወጥቼ ዞር ስል ነው ልጅ እንዳለኝ ትዝ ያለኝ። ያወጣው መንገደኛ ነው፤ ስሙን እንኳ አላውቀውም። ግርማ እስካለ ይህን እንዳይሰማ፤ አደራ።» ከዚያ ግርማ ወዳለበት አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ማንም ልጄን አልወሰደብኝም። ያቺን ቀን በሌላ ቀን ሸፈንኋት፣ በሌላ ቀን ሸፈንኋት፤ ዕድሜዬ በዚህ አለቀ። ሜሮንን ብወስድብሽ አንቺ በምን ትሸፍኛታለሽ? ያቺ ቀን ብቻዋን ትቀርሻለች።»

ይህን ሁሉ እንደሰማሁት ለሜሮን ነገርኳት። ግርማ ሳይሰማ ስለሞተ አደራዬን የበላሁ አይመስለኝም። ከኋላችን የመጣ መኪና ጥሩምባ ነፋ፤ ሜሮን አልተነቃነቀችም። በመስታወቱ መጀመሪያ ናኦድን አየችው፣ ቀጥላ ኤዶምን። እናቷ ነኝና ፊቷን አውቀዋለሁ፤ ቁጣ አልነበረም፣ ድንጋጤ ነበር።

«እማዬ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ ልጆቹ እንዳይሰሙ። «እኔስ?»

«አላውቅም ልጄ» አልኳት።

እጇን ልካ፣ የተቆለፉትን በሮች እንደገና ቆለፈቻቸው።